የአውሮፕላን ተራ አስከባሪ በነገሌ

አስቀድሜ ያስወጣኝን ልናገር። ነጋዴ ነኝና ሰው ዕቃውን ከማየቱ በፊት ዋጋውን መስማት እንደሚወድ አውቃለሁ። በነገሌ ሜዳ የአውሮፕላን ተራ ማስከበር በጠቅላላው ሰባት ወይፈን፣ አንድ ትልቅ ሚዛን፣ ሁለት የፊት ጥርስና ጥሩ የጨው ንግድ ፈጅቶብኛል። ጥርሶቹ የራሴ ናቸው። ሌላውም እንዲሁ።

የተቀጠርኩት በችሎታዬ አይደለም፣ በሚዛኔ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ከአዲስ አበባ አንድ አነስተኛ የኪራይ አውሮፕላን ድርጅት ሰኞና ሐሙስ ወደ ነገሌ ልብረር አለ። ሰውና ሻንጣ የሚመዝን ሚዛን ሲፈልጉ በከተማው ያለው ትልቁ ሚዛን የእኔ ሆኖ ተገኘ። ሊከራዩት ሱቄ መጡ። ባለቤቴ ሙሉ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ሰማችና፣ «ሚዛኑን ከነሰውየው ውሰዱት፤ እዚህ ቁጭ ብሎ ከደንበኛ ጋር ከማውራት በቀር ሥራ የለውም» አለች። ወሰዱኝ።

በማግስቱ ማለዳ ሜዳው ላይ ተገኘሁ። አንድ የመገናኛ ራዲዮ ከነባትሪው፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ብርቱካንማ ሰደርያና «የጣቢያ ኃላፊ» የሚል ባጅ ሰጡኝ። ጣቢያው አራት እንጨት ላይ የተጣለ ቆርቆሮና ሦስት የነዳጅ በርሜል ነው። ከነሰደርያዬ ስቆም ኃላፊው ከጣቢያው ይበልጥ ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ ዋና አብራሪው ካፒቴን ዘለቀ ነው። ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር እንኳ ነዳጅ የሚቆጥብ የሚመስል ሰው።

«ስመጣ በራዲዮ አምስት ነገር ትነግረኛለህ» አለኝ። «ንፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ደመናው ምን ያህል ዝቅ እንዳለ፣ ሜዳው ደረቅ ይሁን ጭቃ፣ ስንት ሰው እንደሚጠብቀኝ፣ ከብት።»

«ከብት ምን?»

«ማኮብኮቢያው ላይ አለ ወይስ የለም።»

ከዚያ ትልቅ አየር ማረፊያ ላይ ማማ ውስጥ የተቀመጡ አምስት ሰዎች የሚሠሩትን እኔ ብቻዬን እንደምሠራ አስረዳኝ። ማን ቀድሞ ይረፍ፣ ማን ቀድሞ ይነሳ፣ መሬቱ ላይ ማን አለ።

«ደመወዙስ የአምስት ሰው ነው?» አልኩት።

«የግማሽ ሰው ነው» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ ጧት አራት ሰዓት ላይ፣ የመጀመሪያዬን ቃል በራዲዮ ተናገርኩ። «ሜዳው ነጻ ነው።» ወዲያው ከሰሜን በኩል ያች ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አፍንጫዋን ደፍታ ወረደች፤ ቀይ አቧራ አስነሳችና ፊቴ መጥታ ቆመች። ሮጬ ጎማዋ ሥር ታኮ አስገባሁ። አስቡት፣ ዐሥር ዓመት ጨው ስሸጥ አንድ ኩንታል በቃሌ ብቻ ከጭነት መኪና ወርዶልኝ አያውቅም። አሁን በሦስት ቃል ከሰማይ ብረት አወረድኩ። ቤት ስገባ ለሙሉ ነገርኳት። «እንግዲህ ሜዳው ነጻ ነው ብለህ እራትህንም ከጓዳ አውርድ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨው መሸጥ አስጠላኝ። ያረፈ ነገር ካላየሁ ቀኑ ቀን አይመስለኝም።

የንፋስ ማሳያውን ራሴ ሠራሁት። ድርጅቱ እልካለሁ ያለው አልመጣ ሲል የሙሉን አሮጌ ነጭ ቀሚስ እጅጌ ቆርጬ በረጅም ምሰሶ ጫፍ ላይ ሰቀልኩ። ካፒቴን ዘለቀ ከዚያ ወዲህ በራዲዮ ሲጠራኝ «እጅጌዋ ወዴት ትጠቁማለች?» ይላል። ሙሉ ግን ቀሚሷን ለይታ ስታውቀው ከሳምንት በላይ አኮረፈችኝ።

ሰው መመዘን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ትንሽ አውሮፕላን ላይ ክብደት ካልታወቀ ከማኮብኮቢያው ጫፍ ወዲያ የሚኬደው በአየር ሳይሆን በግራር ውስጥ ነው። የነገሌ ሰው ደግሞ ኪሎው በሕዝብ ፊት ሲነገር አይወድም። አንድ የወደራ ከብት ነጋዴ ሚዛኑ ላይ ወጣ።

«ዘጠና ስድስት» አልኩ።

«ሰማንያ አድርገው» አለኝ።

«ኦቦ፣ ይሄ እኮ ዋጋ አይደለም።»

«እሺ ሰማንያ አምስት። ለአንተም ለእኔም ይሁን።»

ባልተቀበልኩት ጊዜ ተናዶ ሚዛኑ ላይ ዘለለ። ሚዛኑ እዚያው ከነምላሱ ተሰበረ። ሚዛን አንድ ብለን እንመዝግብ። ከዚያ በኋላ ሰው የምመዝነው በዓይኔ ነበር። ዐሥር ዓመት በሬ በዓይን ስገምት የኖርኩ ነኝ፤ ካፒቴኑ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄዶ በሚዛን ሲያረጋግጥ በአራት ኪሎ ብቻ ነበር የሳትኩት። እሱንም መንገድ ላይ የበሉት ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ከብቱ ልምጣ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እሱ ነው።

ከማኮብኮቢያው በስተምሥራቅ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ አለ፤ ኤላ ይሉታል። በስተምዕራብ ደግሞ ትልቁ የግጦሽ ሜዳ። የምዕራቡ መንደር ከብት ውኃ ሲጠጣ ማኮብኮቢያውን መሐል ለመሐል ማቋረጥ አለበት። ሦስት መቶ ራስ ይሆናል። ውኃ የሸተተው ከብት ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ይያዛል እንጂ ሩብ ሰዓት አይያዝም። የበጋ ጥማት ያለበት ከብት ባለ ባጅ አያውቅም።

አንድ ሰኞ አውሮፕላኑ መጥቶ ሦስት ጊዜ ዞረ፤ ከብቱ አላልቅ አለና ተመልሶ አዲስ አበባ ገባ። ሐሙስም እንደዚያው ሊሆን ሲል ለጥቂት አረፈ። ከአዲስ አበባ በራዲዮ ወቀሱኝ። እኔም ከብት ጠባቂዎቹን ለመንኩ፤ ስኳር ሰጠሁ፤ ጠባቂዎቹም እሺ አሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት ላም ሳትታይ አለፈ። ስኳሩ ሠራ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ሦስት መቶው እንዳለ መጣ፤ አውሮፕላኑ ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሰ።

«ሁለት ሳምንት ጎብዘህ በሦስተኛው ትሰንፋለህ» አለኝ ካፒቴን ዘለቀ። «ምንድን ነው የሚነካህ?»

እኔም አላውቅም ነበር። ስኳሩን ጨመርኩ። ሁለት ሳምንት ሰላም፣ ሦስተኛው ሳምንት ጦርነት። ስኳር በዝቶ ከብት ጠባቂዎቹ ሲያዩኝ ከሩቅ ይስቁ ጀመር።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። አንድ አውሮፕላን ደግሞ በከብት ምክንያት ከተመለሰ ነገሌ ከበረራ መርሐ ግብሩ ይሰረዛል፣ ወኪልነቱም ይቀራል ይላል። ያኔ የነገሌ መንገድ ክረምት ሲገባ መኪና ቀን ተቀን የሚውጥ መንገድ ነው። የክሊኒኩ መድኃኒት፣ የትምህርት ቤቱ የፈተና ወረቀት፣ ሬሳም በሽተኛም በዚያች አውሮፕላን ነው። እኔ ደግሞ የጨው ደንበኞቼን ለጎረቤት አሳልፌ ከሰጠሁ ቆይቻለሁ። ሜዳው ከተዘጋ ሰደርያ ለብሶ ባዶ ሜዳ የሚጠብቅ ሰው እሆናለሁ።

ሙሉ ደብዳቤውን አንብባ፣ «ከብት ጠባቂዎቹን ምን ታስቸግራለህ? እነሱ ራሳቸው የታዘዙ ናቸው። አዛዣቸውን ጠይቅ» አለችኝ። አራት ወር ስኳር ሳድል ይህን አለማሰቤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

አዛዡ አባ ዲዳ ነበሩ። የዱብሉቅ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በዚያ በሚታወቁት ኤላዎች ላይ የውኃ ተራ ሲቆጥሩ ኖረዋል። ይህን ሥራ የያዘ ሰው አባ ሄሬጋ ይባላል፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ የሚቆጥር፣ የሚፈርድ። እርጅና ሲመጣ ነገሌ ልጃቸው ጋር ሊያርፉ መጡ፤ የኛ ኤላ ሰዎች ግን አላሳረፏቸውም፤ ተራውን ሰጧቸው። ቀጥ ያሉ፣ በበትራቸው ላይ ተደግፈው አንድ እግራቸውን አጥፈው የሚቆሙ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው ውስጥ «አንቱ» የለም፤ ለሁሉም «አንተ» ነው፣ ከሳቸው የሚበልጥ ሰው አላጋጠማቸውማ።

«አካም፣ አባ ዲዳ» ብዬ በቋንቋቸው ሰላም አልኳቸው።

«ናጋ። ቤቱ ናጋ ነው?»

«ናጋ ነው።»

«ከብቱ ናጋ ነው?»

ከብት የለኝም። ቀልድ አማረኝና «አውሮፕላኑ ናጋ ነው» አልኩ።

አልሳቁም። ቁጭ በል አሉኝና ነገሬን ሰሙ። ሰኞና ሐሙስ፣ ሁለት ሳምንት ሰላም፣ ሦስተኛው ሳምንት ጦርነት፣ ሁሉንም። ጠጠር ለቅመው መሬት ላይ ይደረድሩ ጀመር። ብዙም አልቆዩም።

«ከብት በሦስት ቀን አንዴ ይጠጣል» አሉ። «ያንተ አውሮፕላን በሰባት የሚቆጥር እንስሳ ነው። በሦስት የሚቆጥርና በሰባት የሚቆጥር በአንድ መንገድ ሲሄዱ በሦስተኛው ሳምንት ይገናኛሉ። ሰኞ ከተገናኙ ሐሙስም ይገናኛሉ። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ ቁጥር ነው።»

ጠጠሩን አየሁ። እኔ ሒሳብ ዐውቃለሁ የምል ነጋዴ፣ አዲስ አበባ ያሉት ባለ ዲፕሎማዎች፣ አብራሪው፣ ሁላችንም አራት ወር ስንካሰስ የከረምንበትን ነገር ሽማግሌው በጥቂት ጠጠር ጨረሱት። ለስኳሩ ከልቤ አዘንኩ።

«እንግዲያው በዚያ ሳምንት ከብቱን ትንሽ ያቆዩልኝ» አልኩ።

«ለማን?»

«ለአውሮፕላኑ።»

«አውሮፕላን የማን ነው?»

«የድርጅቱ።»

«ድርጅት ጎሳው ምንድን ነው?»

«ጎሳ የለውም።»

«ጌታቾ» አሉኝ፣ ጌታቸው ማለታቸው ነው፤ «ተራ የሚሰጠው ባለቤት ላለው ነው። ባለቤት ከሌለው ሲያጠፋ ማንን እጠይቃለሁ? የአውሮፕላኑ አባት ማን ነው?»

ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ስንት ራስ ነው?»

«አንድ።»

በኤላው ስብሰባ ላይ ስሜ ተጠራ፤ ጌታቾ፣ አንድ ራስ፣ ቀንድ የለውም፣ ውኃ አይጠጣም፣ መንገድ ብቻ ይፈልጋል። ሰዎቹ በየተራ ተነስተው በከባድ ፊት ጠየቁኝ። ይዋጋል? አይዋጋም። ይወልዳል? እስካሁን አልወለደም። ታዲያ ለምን ታረባዋለህ? እስከ ምሽት ድረስ ከተማው ሁሉ ሰምቶ ነበር። ለዓመታት «አንድ ላም ያለው ድሃ» እያሉ ሲጠሩኝ ኖሩ፤ «እሷም ብትሆን እቤት አታድርም» ይጨምራሉ።

ተራ የያዘ ሰው ግዴታ አለበት። ኤላው ሲደፈርስ ወርዶ ጭቃ ይጠርጋል፤ እንደ ሰንሰለት ቆሞ ባልዲ ይቀባበላል። እኔ ቦርጫም ነጋዴ ነኝ። በሁለተኛው ቀን ከላይ የተወረወረ ባልዲ በእጄ ሳልይዘው በአፌ ያዝኩት። ሁለቱ ጥርሶች የሄዱት ያኔ ነው። ከታች የነበረው ሰው «ጌታቾ ማረፊያውን ነጻ አላደረገም» አለና ጭቃው ውስጥ ሁላችንም በሳቅ ሞትን፤ እኔም ደም እየተፋሁ።

ተራው የሚለካው በጥላ ነበር። አባ ዲዳ የንፋስ ማሳያዬን ምሰሶ አዩና መሬት ላይ ሁለት ድንጋይ አስቀመጡ። የምሰሶው ጥላ ከጥቁሩ ድንጋይ እስከ ነጩ ድንጋይ ሲሄድ ሜዳው የአውሮፕላን ነው፤ በሰዓት ከአራት እስከ አራት ተኩል ማለት ነው። ጥላው ነጩን ካለፈ ሜዳው የከብት ነው። የዘገየ ባለ ተራ ሰውን አስጠብቆ ካጉላላ በስብሰባ ይጠየቃል፣ ይቀጣል። ቅጣቱ ወይፈን ነው።

ሠራ። የከብት ሳምንት በመጣ ቁጥር ከብቱ በማኮብኮቢያው ዳር ከደረደርናቸው ነጭ ድንጋዮች ጀርባ ቆሞ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ያያል፤ አውሮፕላኑም ሲነሳ ከብቱ ያልፋል። አንዳንዴ አውሮፕላኑ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ እኔ ወይፈን እገዛለሁ። ለድርጅቱ «ወይፈን፣ ለመዘግየት ቅጣት» ብዬ ጻፍኩ። ወይፈን የሚል የወጪ አርእስት የለንም የሚል መልስ መጣ።

አሁን የተቆጣጣሪውን ቀን ልንገራችሁ።

ድርጅቱ አንድ የመስመር ተቆጣጣሪ በሰኞው በረራ ላከ። ትልቅ ማዕረግ ነው፤ አንድ ሜዳ ይቀጠል ወይም ይዘጋ የሚወስነው እሱ ነው። ከመምጣቱ በፊት በራዲዮ ነገሩኝ፤ ነገሌን ለመዝጋት ነው የሚመጣው፣ ተዘጋጅ አሉኝ። ጠጠሬን ደረደርኩ። የከብት ሳምንት ነው።

አራት ሰዓት ሆነ፣ አልመጣም። ጥላው ነጩን ድንጋይ ነካ፣ አለፈ፤ አልመጣም። በስተምዕራብ ግራሩ መሐል የከብቱ አቧራ ተነሳ። አባ ዲዳ በአንድ እግራቸው ቆመው ጥላውን አዩ፤ አስተያየታቸው ወይፈን መሆኑ ገባኝ።

በዚህ መሐል አንድ ፒክአፕ እያጓራ መጥቶ ቆርቆሮው ሥር ቆመ። ከኋላው ፍራሽ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ተኝቷል፤ ከሻኪሶ ሲመጣ ተገልብጦ ጭኑ ተሰብሯል። አብራው የመጣችው የክሊኒክ ነርስ እግሩ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ካልደረሰ ሊቆረጥ እንደሚችል በጆሮዬ ነገረችኝ። አሠሪዎቹ ትንሽ የበሽተኛ አውሮፕላን ተከራይተውለታል። ለእኔ ግን የነገረኝ የለም።

ራዲዮው ጮኸ። የበሽተኛው አውሮፕላን ነው፤ ዐሥር ደቂቃ ቀረኝ አለ። ገና መልስ ሳልሰጥ ካፒቴን ዘለቀ ገባ። ሃያ ደቂቃ ቀረኝ፣ ተቆጣጣሪው ከጎኔ ነው አለ። ከብቱ ደግሞ በእግሩ እየመጣ ነው። አንድ ሜዳ፣ ሦስት ባለ ጉዳይ።

ወደ አባ ዲዳ ሮጥኩ። «ሁለት አውሮፕላን እየመጣ ነው።»

ቀስ ብለው ዞሩ። «አንድ ራስ ብለህ አይደለም ያስመዘገብከው?»

«አንድ ብያለሁ።»

«ሁለተኛው ከየት መጣ? ከብት ደብቀሃል?»

ከብት ከቆጠራ መደበቅ በኤላው ሕግ ትልቅ ጥፋት ነው። ተራን ያሳጣል። ፍራሹ ላይ ያለው ሹፌር አቃሰተ። ነጋዴ ነኝና ምላሴ ከእኔ ቀደመ። «አልደበቅኩም። ትንሽ ናት፤ የዚያችው ጥጃ ናት።»

አባ ዲዳ አሰቡ። በእውነት አሰቡ፤ ፊታቸው ላይ ቀልድ የለም። «በልኳ ትንሽ ናት?»

«ስድስት ሰው ነው የምትይዘው።»

«ጥጃ በተራ አይቆጠርም» አሉ። «ጥጃ ጥማት አይችልም፤ ቀድሞ ይገባል። አስገባት።» በትራቸውን ወደ ምዕራብ አነሱ። ሦስት መቶው ከብት ነጮቹ ድንጋዮች ላይ ደርሶ ቆመ።

ትንሿ አውሮፕላን ወረደች፤ ወደ ማኮብኮቢያው ጫፍ ሄዳ ቆመች፤ ታኮ አስገባሁ። ሹፌሩን ስንጭነው፣ «ጥጃ ነው ያልከው? እኔን በጥጃ ልትልከኝ?» አለኝ ጥርሱን ነክሶ።

«ጥጃ ባትሆን አንተ እዚህ ትቀር ነበር» አልኩት። ስቆ እግሩን ስላናወጠው እኔንም ጥጃዋንም ሰደበን።

ራዲዮው ጮኸ። ካፒቴን ዘለቀ ከላያችን ደርሷል። «ነገሌ፣ ልውረድ?»

ከብቱ ድንጋዮቹ ላይ እየገፋ፣ እያጓራ ነው። ጠባቂዎቹ ፊታቸውን ወደ አባ ዲዳ አድርገዋል። እኔም ወደሳቸው ዞርኩ።

«አባ ዲዳ፣ ትልቋም መጣች። ዐሥር ደቂቃ ብቻ ይያዙልኝ።»

«ለጥጃ ጠየቅህ፣ ሰጠሁህ። ጥላውን እየው። ዘግይቶ ለመጣ ትልቅ ከብት የሰው ተራ አልሰጥም።»

«ውስጧ ያለው ሰውዬ ትልቅ ሰው ነው።»

«ትልቅ ከሆነ መጠበቅ ያውቃል።»

እዚያ ቆሜ ያሰብኩትን አልረሳውም። ከብቱን በዱላ ልመልስ ብል ይቻል ይሆናል፤ ተቆጣጣሪው ባዶ ሜዳ ላይ አርፎ ጥሩ ወኪል ይለኛል። ከነገ ጀምሮ ግን ለአውሮፕላን ብሎ አንዲት ላም የሚይዝ ሰው ነገሌ ላይ አይገኝም። ካልመለስኩ ደግሞ ተቆጣጣሪው ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ በከብት ሲቀደም ያያል፤ ሊዘጋ የመጣበትን ምክንያት በእጄ አቀብዬዋለሁ።

ራዲዮውን አነሳሁ። «ካፒቴን፣ ነዳጅ ለስንት ሰዓት ይዘዋል?»

«ለአንድ ሰዓት ትርፍ አለኝ።»

«እንግዲያው ይዙሩ። ተራዎ ሦስተኛ ነው።»

«ከፊቴ ማን አለ?»

«አንደኛ የምዕራቡ መንደር ከብት። ሁለተኛ ጥጃዋ ትነሳለች። ከዚያ እርስዎ።»

«ጥጃዋ ምን?»

«ትነሳለች።»

«ጌታቸው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከጎኔ ማን እንደተቀመጠ ታውቃለህ። የጆሮ ማዳመጫ አድርጓል፤ የምትለውን እየሰማ ነው።»

«ጤና ይስጥልኝ በሉልኝ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

አባ ዲዳ በትራቸውን ጣሉ። ሦስት መቶው ከብት ማኮብኮቢያውን መሐል ለመሐል ማቋረጥ ጀመረ፤ ከላይ አውሮፕላኑ ይዞራል፣ ከታች ከብቱ ያልፋል። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ የኋለኛው ጠባቂ ዞሮ ሜዳውን ከጫፍ ጫፍ ተመለከተ፣ እጁን አነሳ። ታኮውን ሳብኩ፤ «ሜዳው ነጻ ነው፣ ተነሺ» አልኩ፤ ትንሿ አውሮፕላን ተንደርድራ ሹፌሩን ይዛ ወደ ሰሜን ሄደች። አቧራዋ ሳይረጋ ካፒቴን ዘለቀ አረፈ።

ተቆጣጣሪው ወረደ። አጭር፣ ክራቫት ያሰረ፣ ዶሴ የያዘ ሰው። በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ከእኔ በፊት ግን አባ ዲዳ ደረሱ።

«የዘገየኸው አንተ ነህ?» አሉት።

ተቆጣጣሪው ዞሮ እኔን አየኝ። «እኚህ ማን ናቸው?»

«ተራ ቆጣሪው ናቸው፣ ጌታዬ። ቢመልሱላቸው ይሻላል።»

«ከአዲስ አበባ ስንነሳ ዘግይተን ነው» አለ።

«ለምን ዘገየህ?»

ሰውዬው ክራቫቱን አስተካከለ። ካፒቴን ዘለቀ በጎን ሆኖ ጫማውን ያያል። በኋላ እንደነገረኝ የዘገዩት ተቆጣጣሪው ቁርሱን ሳይጨርስ አልነሳም ስላለ ነው።

«የግል ጉዳይ ነበረኝ» አለ በመጨረሻ።

«ሦስት መቶ ራስ ፀሐይ ላይ ቆሟል» አሉ አባ ዲዳ። «ወይፈን ነው። ባለቤቱ ጌታቾ ስለሆነ እሱ ይከፍላል። አንተ ግን ሁለተኛ አትዘግይ።» ደግሞ ወደ እኔ ዞሩ። «ጥጃዋ ስታድግ ታስመዘግባታለህ።» ከብታቸውን ተከትለው ሄዱ።

ተቆጣጣሪው ቆርቆሮው ሥር በርሜል ላይ ተቀመጠ። ዶሴውን ከፈተ። ሰበቡን ሁሉ ነገርኩት፤ ሦስቱን፣ ሰባቱን፣ ጥላውን፣ ድንጋዮቹን፣ ጠጠሩን ራሱ ፊቱ ደረደርኩለት። ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው አስጀመረኝ።

«እኔ ሰማይ ላይ ሳለሁ ማን እንደሆንኩ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አውቄ ነው የፈራሁት።»

«ታዲያ ለምን አሳለፍካቸው?»

«ተራቸው ነበር።»

ጠጠሮቹን በጣቱ ነካካ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ብዙ ሜዳ አይቻለሁ። ከብቱን ሲያባርሩ አይቻለሁ፣ ሲተኩሱም አይቻለሁ። ተሰልፎ አልፎ፣ የመጨረሻው ሰው ዞሮ ሜዳው ባዶ መሆኑን ሲያረጋግጥ ግን ከላይ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። እኛ ጋ ይህን ለማስተማር ስድስት ወር ይፈጅብናል።»

ጠጠሩን በዶሴው ላይ በእርሳስ ገለበጠው። ነገሌ አልተዘጋም። ከዚያ ወር ጀምሮ አዲስ አበባ ባለው የበረራ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በየሦስት ሳምንቱ በቀይ ይከበብ ጀመር፤ በዚያ ሳምንት ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ቀድመው ይነሳሉ። የራዲዮ ክፍሏ ሴት እሑድ እሑድ እየጠራች፣ «ነገሌ፣ ነገ የላም ሳምንት ነው ወይስ የሰው?» ትለኛለች። አንድ አዲስ ምክትል አብራሪ ይህን ሰምቶ በዓል መስሎት ካፒቴን ዘለቀን ስለ ላም ሳምንት ጠይቆታል አሉ። ካፒቴኑም ጾም አለው ብሎ ነገረው።

ሹፌሩ እግሩ ተረፈ። አሁንም ድረስ ሲያልፍ ጥሩንባ ነፍቶ በመስኮት «ጥጃዬ ደህና ናት?» ይላል።

ዐሥራ አንድ ዓመት በዚያ ሜዳ ሠራሁ። አባ ዲዳ ካረፉ በኋላ ተራውን ልጃቸው ያዘችው፣ ይቅርታ አታውቅም፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወይፈኖች የወሰደችው እሷ ናት። መንገዱ ሲሻሻል ድርጅቱ ሥራውን ወደ ሌላ አዞረ፤ ራዲዮውን መለስኩ፣ ሰደርያውን ረሱት።

በዚህ ሥራ ላይ ላሉ ወጣቶች የምለው አንድ ነው። ሜዳ የሚያዘው ባለ ተራው ማን እንደሆነ ሁሉም ሲያውቅ ነው። አለቃ የሚያውቀው፣ ከብት ጠባቂ ግን የማያውቀው መርሐ ግብር ወረቀት ብቻ ነው።

መዝገቤን ስዘጋ ሁለቱን ዓምድ ደመርኩ። ያረፈው አውሮፕላን ስንት ቢሆን የተነሳውም ያንኑ ያህል ነው። ልዩነት የለም።